የአሮጌ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲያስቸግር፦ ዘይት ይቀየር፣ ሶሌኖይድ ይለወጥ፣ ይታደስ ወይስ ሌላ ይገጠም?

ዕድሜው የገፋ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲያዘገይ፣ ሲንሸራተት ወይም እየመታ ሲገባ ባለመኪናው ፊት የሚቀርቡት አማራጮች ብዙ አይደሉም። ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉን፣ በተለይ ሶሌኖይዶቹን (በኤሌክትሪክ የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች) መጠገን፣ ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደየክላቹ የሚያከፋፍለውን የቫልቮች ቤት) አውርዶ መሥራት፣ ካምቢዮውን ፈትቶ ማደስ፣ ወይም ያገለገለ ካምቢዮ መግጠም። እያንዳንዳቸው ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ገንዘብ የሚባክነው ችግሩ የት እንዳለ ሳይለይ አንዱ ሲመረጥ ነው፤ የሽቦ ችግር ያለበት ካምቢዮ ተፈትቶ ይታደሳል፣ የክላች ዲስኩ (በዘይት ግፊት ተጨምቆ ማርሹን የሚይዘው ሳህን) ያለቀ ካምቢዮ ደግሞ ዘይት እየተቀየረለት ወራት ይቆያል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግር ክፍል) እና ፕላኔታዊ ጥርሶች ያሉትን የተለመደውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ይመለከታል። በቀበቶና በፑሌጃ የሚሠራው ሲቪቲ ጸባዩም ዘይቱም ሌላ ስለሆነ እዚህ የተጻፉት ሙከራዎች ለእሱ አይሆኑም።

ሁለቱ ቀዳሚ ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ ችግሩ በሁሉም ማርሽ ላይ ነው ወይስ በተወሰነው ብቻ የሚል ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚንሸራተት ካምቢዮ ለሁሉም ማርሽ የጋራ የሆነ ነገር ጎድሎታል። የጋራ የሆኑት ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ዋናውን ግፊት የሚቆጣጠረው ቫልቭና ቶርክ ኮንቨርተሩ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ብቻ ከጠፋ ግን ፖምፓውን መጠርጠር አያዋጣም፤ የዚያ ማርሽ ሶሌኖይድ፣ ክላች፣ ባንድ (ከበሮውን ጨምቆ የሚይዝ የብረት ቀበቶ) ወይም ኃይሉን የሚያሻግረው ብረት ነው የሚፈለገው።

በብዙ የጂኤም መኪናዎች ላይ የተገጠመው 4ኤል60-ኢ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 2ኛ፣ 4ኛና የኋላ ማርሽ አንድ ላይ ጠፍተው 1ኛና 3ኛ ብቻ ከቀሩ፣ ሦስቱም የሚጠቀሙበት ሰን ሼል የሚባለው ብረት ጥርሱ ተልጧል ወይም ተሰንጥቋል። የኋላ ማርሽ እያለ 2ኛና 4ኛ ከጠፉ ጥርጣሬው ወደ ባንዱ ይዞራል። 1ኛና 2ኛ ደህና ሆነው 3ኛና 4ኛ ከተንሸራተቱ ደግሞ ለሁለቱ የሚያገለግለው ክላች አልቋል፤ ይህ በዚህ ካምቢዮ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሳይፈታ፣ በመንዳት ብቻ ይህን ያህል ማወቅ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ካምቢዮ በየትኛው ማርሽ የትኛው ክላች እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በጥገና መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ብቻ የሚያገኝ ሰው ያንን ገጽ ይያዝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀትን ይመለከታል። ጠዋት ዲ ሲገባ ዘግይቶ የሚይዝ፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ግን የሚስተካከል ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ የክላች ፒስተን ጎሚኒዎቹ (ዘይት እንዳይሾልክ የሚዘጉት ጎማዎች) በዕድሜ ደርቀዋል። ሲሞቁ ለስለስ ብለው ስለሚገጥሙ ችግሩ የጠፋ ይመስላል። በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲግል የሚንሸራተት ከሆነ የተበላ ነገር አለ፤ ዘይቱ በሙቀት ስለሚቀጥን በተበላ የቫልቭ ቀዳዳ ወይም ባረጀ ፖምፓ በኩል ይሾልክና ግፊቱ ይወርዳል። ሲግል ጭራሽ መሄድ አቁሞ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆሞ ሲያርፍ እንደገና የሚሄድ መኪና ደግሞ ፊልትሮው መደፈኑን ያስጠረጥራል፤ በተለይ ሞተሩ ዙር ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የዋይታ ድምፅ ካለው።

ካምቢዮው ሳይሆን ካምቢዮ የሚመስለው

ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ በዝግታ ነዳጅ ሲሰጥ የሚንቀጠቀጥ መኪና ብዙ ጊዜ "ካምቢዮው ሄዷል" ይባልለታል። በዚያ ፍጥነት የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ክላች (ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው) ይይዛል፤ ሞተሩም ጭነት ይበዛበታል። ስለዚህ የተበላሸ ካንዴላ ወይም ኮይልም ያንኑ መንቀጥቀጥ ይሰጣል። ነዳጁን ሳይለቁ የፍሬን ፔዳሉን በግራ እግር በጣም ቀለል አድርጎ መንካት መቆለፊያውን ያስለቅቃል። መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ መቆለፊያው ወይም ዘይቱ ይጠረጠራል፤ መቆለፊያው ለቆም ከቀጠለ ሞተሩን መመርመር ይሻላል።

ዲ ወይም አር ሲገባ የሚመታው ድምፅም እንዲሁ ነው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከልክ በላይ ከፍ ካለ፣ የሞተርና የካምቢዮ መያዣ ጎማዎች ከተቀደዱ፣ ወይም ክሮቼራው (የኃይል ማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) ከላላ ጤነኛ ካምቢዮም ይመታል። ሚኒሞ በብዙ መኪና ላይ ካምቢዮው ዲ ላይ ሳለ ከ600 እስከ 800 ዙር አካባቢ ነው።

በቆዩ መኪናዎች ላይ ካርቡራተሩን ወይም የአየር መግቢያውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ገመድ አለ። ይህ ገመድ የሚያስተላልፈው ማርሹ መቼ እንደሚለወጥ ብቻ አይደለም። በጂኤም 700አር4 ላይ ክላቹን የሚይዘው ግፊትም ከእሱ ጋር ይነሳል። ገመዱ ላልቶ የሚነዳ 700አር4 ማርሹ ለስላሳ ሆኖ፣ ቶሎ ቶሎ እየተለወጠ ለነጂው ይመቸዋል፤ ውስጡ ግን በአነስተኛ ግፊት እየተንሸራተተ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። በፎርድ ሲ4ና ሲ6፣ በጂኤም ቲኤች350 ላይ ደግሞ በገመድ ፋንታ ከሞተሩ በሚመጣ የቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ ሞጁሌተር አለ። የውስጡ ጎማ ሲቀደድ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የካምቢዮው ዘይት መሬት ላይ ሳይፈስ ይጎድላል፣ ማርሹም ዘግይቶና መትቶ ይለወጣል። ቱቦውን ከሞጁሌተሩ ነቅሎ ውስጡን ማየት በቂ ነው። ቀይ ዘይት ካለበት ሞጁሌተሩ ይለወጣል። ይህን ከውጭ በቀላሉ የሚፈታ ዕቃ ሳያዩ ካምቢዮ ማውረድ በጣም ያሳዝናል።

ዘይቱን ማንበብ

መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ ካምቢዮዎች ላይ ዘይቱ የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ግሎ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ ካዞሩ በኋላ ፒ ላይ መልሰው ነው። ሆንዳ ከዚህ ይለያል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ በአንድ ደቂቃ ከግማሽ ውስጥ ይለካል። አንዳንድ የክራይስለር ካምቢዮዎች ደግሞ ኤን ላይ ይለካሉ። መለኪያ የሌላቸው የታሸጉ ካምቢዮዎች ከሥር ባለ ቡሽ፣ ፋብሪካው ባዘዘው የዘይት ሙቀት ላይ ይለካሉ፤ ሙቀቱን በስካነር ሳያዩ ቡሹን መክፈት የተሳሳተ መጠን ይሰጣል።

መጠኑ ሲያንስ ፖምፓው አየር ይስባል፣ አየር ያለበት ዘይት ደግሞ ክላች አይጨምቅም። ከልክ ሲያልፍም የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፤ ምልክቱ ከጎደለው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ይጨመርበት" የሚባለው ሁሌ ደህና ምክር አይደለም።

ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ጠርገው ይመልከቱ። ግልጽ ቀይ ወይም ቀለል ያለ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ተንሸራቶ የሚሰራጭ ዘይት ገና ይሠራል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ያለው፣ ዘይቱ ተሰራጭቶ መሃል ላይ ጥቁር ዱቄት የሚተው ከሆነ ያ ዱቄት ከክላቹ ዲስክ የወጣ ነው። ሮዝና ወተት መሳይ ዘይት ከታየ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ ውሃ ገብቷል። ይህ ሲታይ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ውሃና አንቲፍሪዝ ዲስኩ ላይ ያለውን ሽፋን የያዘውን ሙጫ ያላቅቁታል። በቶሎ ከተደረሰበት ማቀዝቀዣውን ለውጦ ዘይቱን ደጋግሞ በመቀየር የሚተርፍ አለ። ቀናት ከተነዳበት ግን እድሳት ወይም ሌላ ካምቢዮ ነው።

ስካነር ወይስ የግፊት መለኪያ?

ብዙ ሰው ስካነር ሁሉን የሚናገር ይመስለዋል። ስካነር የሚያሳየው ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ነው፤ ፖምፓው ስንት ግፊት እንደሚሰጥ አብዛኛው አሮጌ ካምቢዮ ለኮምፒውተሩ አይነግረውም። ፒ0700 የሚለው ኮድ ካምቢዮው ውስጥ ሌላ ኮድ እንዳለ ከማመልከት በቀር ትርጉም የለውም። ፒ0715 የግቤት ፍጥነት ሰንሰርን፣ ፒ0720 የውጤት ፍጥነት ሰንሰርን፣ ፒ0750 «ኤ» የተባለውን ሶሌኖይድ፣ ፒ0755 «ቢ» የተባለውን ሶሌኖይድ ይመለከታሉ፤ እነዚህ የኤሌክትሪክ ጥገናን የሚደግፉ ናቸው። ከፒ0731 እስከ ፒ0734 ያሉት ግን የ1ኛ፣ የ2ኛ፣ የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ፍጥነት ስሌት አልገጠመም ይላሉ። መንሸራተቱን ይመሰክራሉ እንጂ ምክንያቱን አይናገሩም፤ ይህን ኮድ አይቶ ሶሌኖይድ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው።

ከ1996 በፊት በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ስካነር አያስፈልግም። በምርመራ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1ንና ኢ1ን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት፣ የኦ/ዲ (ኦቨርድራይቭ) ማጥፊያ ቁልፉንም በመደበኛ ቦታው መተው ነው። የኦ/ዲ ኦፍ መብራት ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል፤ 62ና 63 ቁጥር 1ና ቁጥር 2 የተባሉት የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶች፣ 64 የመቆለፊያው ሶሌኖይድ፣ 42ና 61 የፍጥነት ሰንሰሮች ናቸው።

የግፊት መለኪያ ከካምቢዮው ጎን ባለ ቡሽ ላይ ይገጠማል። እስከ 20 ባር የሚያነብ ይሁን፤ የኋላ ማርሽ ግፊት ከዲ በግልጽ ይበልጣልና ትንሽ መለኪያ ይሰበራል። በሁሉም ማርሽ ዝቅ ያለ ግፊት ፊልትሮን፣ የግፊት ቫልቭን ወይም ፖምፓን ያመለክታል። በአንዱ ብቻ ዝቅ ካለ የዚያ ክላች ጎሚኒ ወይም ማኅተም ቀለበት ይሾልካል። ግፊቱ ትክክል ሆኖ ማርሹ ከተንሸራተተ ዲስኩ ራሱ አልቋል፤ ያኔ የዘይት ጉዳይ አብቅቷል ማለት ነው።

መለኪያ ከሌለ የሰዓት ቆጣሪ ብዙ ይረዳል። ዘይቱ ግሎ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ፍሬን ተይዞ ከኤን ወደ ዲ፣ ከኤን ወደ አር ሲገባ እስኪይዝ ድረስ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ቶዮታ ለዲ ከ1.2 ሰከንድ፣ ለአር ከ1.5 ሰከንድ በታች ይጠይቃል። በመካከሉ አንድ ደቂቃ እያሳረፉ 3 ጊዜ ሞክሮ አማካዩን መውሰድ ነው። ሁለቱም ከዘገዩ ዋናው ግፊት፣ አንዱ ብቻ ከዘገየ የዚያ ክላች ወይም ባንድ ነው።

ፍሬን ረግጦ ሙሉ ነዳጅ የሚሰጥበት የስቶል ሙከራም አለ። ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎባቸው፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከፊት ለፊት ማንም ሳይቆም፣ ከ5 ሰከንድ ሳይበልጥ ይሠራል። ዙሩ መጽሐፉ ካለው በላይ ከወጣ ውስጥ የሚንሸራተት አለ፤ ዝቅ ካለ ሞተሩ ደካማ ነው ወይም የቶርክ ኮንቨርተሩ የአንድ አቅጣጫ ክላች ተበላሽቷል። ቀድሞውኑ እንደሚንሸራተት በሚታወቅ ካምቢዮ ላይ ግን መሞከር አያስፈልግም፤ የቀረውን ዲስክ ይጨርሰዋል።

ዘይትና ፊልትሮ መቀየር መቼ ይበቃል?

ዘይቱ ያረጀ ነገር ግን ያልተቃጠለ ሲሆን፣ ምልክቱም የመቆለፊያው መንቀጥቀጥ፣ ትንሽ መዘግየት ወይም ጠንከር ያለ ማርሽ ሲሆን ከዚህ መጀመር ተገቢ ነው። በቡሽ በኩል የሚወርደው ከጠቅላላው ሲሶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው 8 ሊትር ይዞ 3 ሊትር የሚወርድለት ከሆነ፣ መካከል መካከል ላይ እየተነዳ 3 ጊዜ ሲቀየር ከዘይቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ አዲስ ይሆናል። ለአሮጌ ካምቢዮ በማሽን ተገፍቶ በአንዴ ከመታጠብ ይልቅ ይህ መንገድ ይመረጣል፤ ማሽኑ ኮፓው ሥር የተኛውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ወደ ቫልቭ ቦዲው ሊያስገባ ይችላል፣ ፊልትሮውንም አይለውጥም።

ኮፓው ሲወርድ ማግኔቱን ማየት ከማንኛውም ሙከራ አይተናነስም። እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣት ሲነካ የሚወጋ የብረት ስንጣሪ የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ነው። ማግኔት የማይስበው ወርቃማ ብናኝ ከቡሽንግ፣ ጥቁር ቅርፊት ከዲስክ ይመጣል። ስንጣሪ የተገኘበትን ኮፓ ጠርጎ፣ አዲስ ዘይት ሞልቶ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። የኮፓ ቡሎኖች ትናንሽ ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ከ7 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ኮፓው ይጣመምና አዲሱ ጓርኒሲዮን ያፈሳል።

የዘይቱ ዓይነት አማራጭ የለውም። ቲ-4 የሚጠይቅ ቶዮታ ላይ ደብሊውኤስ አይሞላም፤ ክራይስለር ኤቲኤፍ+4 ካለ እሱው ነው። ለሁሉም ይሆናል የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣሳ አሮጌ ካምቢዮ ላይ መሞከሪያ መሆን የለበትም። መንሸራተት ያቆማል ተብሎ የሚጨመር መድኃኒትም ጎሚኒን ለጥቂት ጊዜ ያለሰልሳል እንጂ ያለቀ ዲስክ አይመልስም።

የኤሌክትሪክ ጥገናና ቫልቭ ቦዲ

ማርሹ በድንገት ተቀይሮ መኪናው በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ሲያስነሱት ለጊዜው የሚስተካከል ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ መጀመር ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ ራሱን ለመጠበቅ ማርሹን 2ኛ ወይም 3ኛ ላይ ይቆልፋል። በቅድሚያ የባትሪው ቮልቴጅ፣ የኔጋቲቭ ሽቦው፣ ቫልቮላዎቹ፣ ከዚያ ካምቢዮው ላይ ያለው ሶኬት ይታያሉ። ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ገብቶ መገኘቱ በጣም የተለመደ ነው። የቶዮታ ኤ340 መቀየሪያ ሶሌኖይድ ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 15 ኦም ያነባል፤ ግፊት የሚቆጣጠሩት ሶሌኖይዶች ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ኦም ስላላቸው ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ኦሙ ትክክል የሆነ ሶሌኖይድም በቆሻሻ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ አውርዶ በ12 ቮልት ጠቅ ማለቱን መስማትና አየር ነፍቶ መክፈት መዝጋቱን ማየት ይቀራል። ይህ ሙከራ ለመቀየሪያ ሶሌኖይዶች ብቻ ነው፤ የግፊቶቹ በቀጥታ 12 ቮልት ሲሰጣቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ቫልቭ ቦዲ የሚሠራው ሶሌኖይዶቹ ደህና ሆነው ማርሹ ሲግል ሲዘገይ፣ ወይም አንድ የተወሰነ መለዋወጥ፣ ለምሳሌ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ያለው ብቻ፣ በኃይል ሲመታ ነው። የኋለኛው ብዙ ጊዜ የአኩሙሌተር (ማርሹ ሳይመታ ለስለስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) ፒስተን ወይም ስፕሪንግ ስብራት ነው። ሥራው ካምቢዮውን ሳያወርዱ ከሥር ይሠራል፣ ከእድሳት ጋር ሲነጻጸር ቀላል ይመስላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ትናንሽ የብረት ኳሶች በየቀዳዳው አሉ፣ የቦዲውን ክፍሎች የሚለየው ሳህን ሲነሳ ይወድቃሉ። ሳህኑ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ማንሳት፣ እያንዳንዱን ቫልቭ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መውረዱን ማየት፣ ርዝመታቸው የሚለያይ ቡሎኖችን በካርቶን ላይ በቅርጻቸው መሰካት ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙ ራሱ ከተበላ ማጠብ አይጠቅምም፤ ሌላ ቦዲ ወይም ቀዳዳውን አስፍቶ ትልቅ ቫልቭ ማስገባት ነው።

ማደስ ወይስ ያገለገለ መግጠም?

ዘይቱ ተቃጥሎ፣ ኮፓው ውስጥ ዲስክና ብረት ተገኝቶ፣ ግፊቱ ደህና ሆኖ ማርሽ ሲንሸራተት የሚቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እኛ ሠሪው የሚታመንና ዕቃው የሚገኝ ከሆነ እድሳትን እንመርጣለን፤ መኪናው ገና ዓመታት የሚሠራ ከሆነ በተለይ። ምክንያቱ ያገለገለው ካምቢዮ የተወለደበት ዓመት ከተበላሸው ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ የደረቀ ጎሚኒው እኩል ደርቋል። ያገለገለው የሚሻለው ጠንካራ ብረት ሲሰበር፣ የካምቢዮው ቤት ሲሰነጠቅ፣ ወይም የሚፈለጉት ዕቃዎች ጠፍተው ሳለ ከሚሠራ መኪና ላይ እየተነዳ የታየ ካምቢዮ ሲገኝ ነው።

እድሳት ሲባል ምን እንደሚጨምር ቀድሞ መስማማት ይገባል። ዲስኮች፣ የተቃጠሉ የብረት ሳህኖች፣ ሙሉ ጎሚኒና ጓርኒሲዮን፣ ቡሽንጎች፣ ባንድ ካለ ባንዱ፣ ፊልትሮ እና የታደሰ ቶርክ ኮንቨርተር። ኮንቨርተሩን የዘለለ እድሳት ግማሽ ሥራ ነው፤ የድሮው ዱቄት በሙሉ እሱ ውስጥ ስላለ በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ክላች ላይ ይረጨዋል። ዲስኮቹ ከመገጠማቸው በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ ትክክለኛው ዘይት ውስጥ ይነከራሉ፤ የእያንዳንዱ ክላች ክፍተት በፊለር ጌጅ ይለካል። ለሠሪው የሚቀርበው ጥያቄ "ስንት ቀን ይፈጃል?" ብቻ አይሁን፤ ለምን እንደተቃጠለ ይጠየቅ። መልሱ የሾለከ ጎሚኒ፣ የተበላ ቫልቭ ወይም የተደፈነ ማቀዝቀዣ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይገኝ የተለወጠ ዲስክ በዚያው መንገድ ይቃጠላል።

ያገለገለ ሲገዛ የካምቢዮው ኮድ በመኪናው መለያ ሳህን ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ከውጭ አንድ የሚመስሉ ካምቢዮዎች የሶኬታቸው ቅርጽ፣ የሰንሰራቸው ቦታ፣ በፊት ጎማ ለሚነዱ መኪናዎች ከሆኑ ደግሞ የመጨረሻው ጥርስ ቁጥር ይለያያል። ኮፓው ወርዶ ማግኔቱ ይታይ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ መፈለግ ነው። መሬት ላይ ሳለ የፊት ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማኅተሙን) እና ፊልትሮውን መለወጥ ትንሽ ሥራ ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ግን ካምቢዮውን እንደገና ማውረድ ይሆናል።

ሁለቱም ጋ የሚደገም አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ቶርክ ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ላይ ሲገባ እየተሽከረከረ በየደረጃው ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ደረጃ የፖምፓው ጥርስ ነው። እዚያ ሳይደርስ የካምቢዮው ቡሎኖች ከጠበቁ ፖምፓው ሞተሩ ሳይነሳ ይሰበራል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሙሉ በሙሉ ተገናኝቶ ሳለ ኮንቨርተሩ በእጅ መሽከርከርና ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ቡሎን መጨመር አይገባም፤ ይውረድና እንደገና ይግባ።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ይታጠባሉ፤ ዝቃጭ የሞላበት ማቀዝቀዣ ካለ ይለወጣል። ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ወደ ካምቢዮው የሚመለሰውን ቱቦ ነቅሎ ወደ ማሰሮ ማስገባት፣ ሞተሩን በሚኒሞ ማሠራት ነው። በ20 ሰከንድ አካባቢ ወደ 1 ሊትር መምጣት አለበት፤ ከዚህ በጣም ካነሰ ማቀዝቀዣው ተደፍኗልና መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የወረደው ዘይት ተተክቶ፣ መጠኑ እንደገና ተለክቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ኃይለኛ ጭነትና ዳገት ላይ ረጅም ጉዞ ይቅር፤ ከዚያ ዘይቱ ይታይ፣ ማኅተሞቹ አካባቢ እርጥበት ካለ ይፈተሽ።